ልቀቅ እስክትይኝ

ከስታምፐር ሸለቆ
ከምስጋና በዓል በፊት ባለው ረቡዕ

ይድረስ ለእህቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ ልበልሽ? ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ «እንደምን ሰነበትሽ» አይሸፈንም፤ ግን ሌላ መጀመሪያ አጣሁ። እግርሽስ እንዴት ነው? ብርድ ሲመጣ ያምሻል? እዚህ የዘንድሮው የመጀመሪያ በረዶ ሰኞ ወረደ። የወረዳው መኪና መንገዱ ላይ የበረዶ ማቅለጫ ጨው ሲበትን አደረ፤ እኔም ስለ እግርሽ ሳስብ አደርኩ። የእኔን ጤና ከጠየቅሽ ደህና ነኝ፤ ግራ ቅንድቤ ብቻ ስድስት ቦታ ተሰፍቷል። ፊደሌ ቢወላገድብሽ አትሳቂብኝ፣ በግራ እጄ ነው የምጽፈው። አክስታችን ኦፋ ሰማንያ አራት ሞልቷቸው ዛሬም ምላሳቸው ይላጫል። አድራሻሽን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። እስካሁን ለምን ደበቁኝ ብላቸው፣ «አልደበቅሁህም፤ የሚጻፍ ነገር እስኪኖርህ አስቀመጥኩልህ» አሉኝ።

አሁን የሚጻፍ ነገር አለኝ። አባታችን ሞቷል። ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ጎተራው ውስጥ፣ ያ አረንጓዴ ፒክአፕ መሪ ጋ እንደተቀመጠ ሞተ። ሐኪሙ ሳንባው ነው ብሎ ጽፏል። አርባ ዓመት የከሰል አቧራ የዋጠ ሳንባ ስለሆነ በሸለቆው ማንም አልተገረመም። አንቺ ታለቅሺ ወይ ትስቂ እንደሆን አላውቅም። የትኛውንም ከማድረግሽ በፊት ግን ይህን ወረቀት እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ፒክአፑን ታስታውሻለሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም። ወንድማችንን ዶይልን ከበላው ቀን ጀምሮ ሸራ ለብሶ ጎተራው ጥግ ቆሞ ነበር። ሽማግሌው ለሠላሳ አንድ ዓመት ሰው አላስነካውም፤ እኔም ሸራውን ገልጬ ለማየት አንድ ቀን አልደፈርኩም። ባለፈው ሚያዝያ ጠራኝ። አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ቱቦ ተሰክቷል፣ ጠርሙሱን እንደ ውሻ አጠገቡ ይጎትታል፣ ስድቡ ግን አልደከመም። «ስሞት በዚያ በቀብር አስፈጻሚው ጥቁር መኪና እንዳትጭነኝ» አለኝ። «በራሴ መኪና ነው ወደ መቃብሬ የምወርደው። ዕድሜህን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስታክም የኖርክ ሰው አንድ አሮጌ ፒክአፕ ያቅተዋል? ነው ወይስ እጅህም እንደ ጭንቅላትህ ነው?»

እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ አንቺ አታጪውም። እኛን እንቢ ማለት ያስተማረን ማን ነበር?

ሰባት ወር ሙሉ ከሥራ መልስ እየሄድኩ ሠራሁት። ሞተሩን አስነሣሁ፣ የተጨማደደውን ፊቱን አቃናሁ፣ የመሪውን ዘንግ ነቅዬ ጣልኩና ሌላ ተከልኩ። ያን ዘንግ ስነቅል ሁለት ጊዜ ጥዬው ወደ ውጭ ወጣሁ። የፍሬኑን ቱቦዎች ለመጨረሻ ተውኳቸው፤ ፈርቻቸው ነው። የዚያ ዘመን መኪና ፍሬኑ አንድ ልብ ብቻ ነው ያለው። አራቱም ጎማ የፍሬን ዘይት የሚጠጡት ከአንዲት ገፊ ፓምፕ፣ ከማስተሯ ነው፤ አንድ ቦታ ከተበሳ ወይም አየር ከገባ አራቱም በአንድ ጊዜ ይደርቃሉ። ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርዳል፣ እግርሽ ባዶ ይረግጣል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ቢሆንም እኔ እንዴት እንዳስታወስኩት እንድታውቂ እጽፈዋለሁ፤ ሳልጽፈው ብዙ ዓመት ከረመ።

ያ ቅዳሜ የኋላው ቱቦ በጨው ተበልቶ ተበስቶ ነበር። አባታችን ብቻውን ጠገነውና አየሩን ለማስወጣት አንቺን ፔዳሉ ላይ አስቀመጠሽ። እሱ ከሥር ተኝቶ «ርገጪ! ርገጪ! ያዢ!» ይላል። አንቺ «ይዣለሁ» ብለሽ ትመልሺለታለሽ፤ እሱ ጎማው ጋ ያለችውን የአየር ማስወጫ ቡሎን ይፈታል፣ አየሩ እየተንተከተከ ይወጣል፣ መልሶ ይዘጋና «ልቀቂ» ይልሻል። ቡሎኗ ሳትዘጋ እግር ከተነሣ ቱቦው አየሩን መልሶ ይጠጣል። በመጨረሻው ላይ ከሥር ወጥቶ «ሳልልሽ ለቀቅሽ፣ አንቺ ደንባራ!» ብሎ ጮኸብሽ። «አለቀቅሁም አባዬ፣ በእናቴ አፈር አለቀቅሁም» አልሽው። በጥፊ መታሽና ሥራውን ጨረሰ። በማግስቱ እሑድ ዶይል አክስት ኦፋን ለቤተ ክርስቲያን ሊያመጣ ያን ፒክአፕ አስነሥቶ ቁልቁለቱን ወረደ። የመንገዱ መታጠፊያ ላይ አልታጠፈም። የድልድዩ የድንጋይ ምሰሶ ነው ያቆመው። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር፣ የመሪው ዘንግ በደረቱ ገብቶ በጀርባው ወጣ። ሲያወጡት ቆሜ አይቻለሁ።

ከቀብሩ ስንመለስ የሐዘን ልብሳችንን እንኳ አላወለቅንም። አባታችን ሁለታችንንም ወደ ጎተራው ጠራን። ቀኝ ጫማሽን አስወልቆ እግርሽን ብረት የሚቀጠቅጥበት ጉማጅ ላይ አስቀመጠው። እኔን «ያዝ!» አለኝ። ያዝኩ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ ሁለት እጄን ጉልበትሽ ላይ ጭኜ በክብደቴ ሁሉ ያዝኩሽ። ትልቁን መፍቻ አነሣና «ወንድሟን የገደለው ይኸ እግር ነው» አለ። በመጀመሪያው ጮኽሽ። በሁለተኛው ስሜን ጠራሽ። በሦስተኛው ዝም አልሽ። እህቴ፣ አጥንትሽ ሲሰበር በመዳፌ በኩል ተሰማኝ፤ «ልቀቅ» እስኪለኝ ድረስ ግን አለቀቅሁም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይላሉ፤ እኔ ወግቼም አልረሳሁ።

የዚያን ዕለት ማታ እግርሽ ሲያብጥ በረዶ ፍለጋ ፍሪጁን ከፈትኩ። እናታችን በመጨረሻዋ ዓመት ያስገዛችውን፣ በረዶ ራሱ እየሠራ የሚያራግፈውን፣ የሸለቆው ሴት ሁሉ መጥታ ያየችውን ፍሪጅ ማለቴ ነው። የበረዶው ሳጥን ደርቋል። ነካካሁት፣ ነቅዬ ሰካሁት፣ ምንም ውሃ አይመጣለትም። አክስት ኦፋ ጋ ሮጬ በባልዲ በረዶ ለምኜ አመጣሁ። እንደደረስኩ በሩን ከውስጥ ቆልፈሽ ነበር፤ በረዶው ደጃፍሽ ላይ ቀለጠ። የፍሪጁን ነገር አትርሺው፣ እመለስበታለሁ። በጸደይ በምርኩዝ እያነከስሽ አውቶቡስ ተሳፍረሽ ሄድሽ። እሱም ከዚያ ወዲህ ለመጣው ሁሉ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሳይቀር፣ «ልጄን ልጄ ገደለችብኝ» እያለ ኖረ።

ያለፈው ሐሙስ ፒክአፑን በወፍራም የእንጨት ጉማጆች ላይ ሰቅዬ አሮጌዎቹን ቱቦዎች መንቀል ጀመርኩ። ዝገታቸው በእጅ ይፈረፈራል። ከሾፌሩ ወንበር ሥር፣ ቱቦው በሻንሲው፣ በመኪናው የብረት አጽም ጎን በሚሄድበት ቦታ፣ ጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለበት አንድ ስንዝር ያህል ነገር አገኘሁ። ፕላስተሩን በቢላ ሰንጥቄ ስከፍተው የመዳብ ቱቦ ነው፤ ከብረቱ ቱቦ ጋር በሁለት የነሐስ ማያያዣ ዳዶ ተቀጥሏል፣ አንደኛው ጫፍ ከዳዶው ሾልኮ ወጥቷል።

ሥራዬ ነውና ልንገርሽ። የፍሬን ቱቦ ብረት ነው፤ አፉ ሁለት ጊዜ ታጥፎ በደንብ ካልተቀመጠ በቀር ያን ግፊት አይችልም። እንዲህ ያለው መዳብ ለወጥ ቤት ውሃ ነው። በመዳብና በዳዶ የቀጠለው ሰው ለአንድ ሁለት ቀን የሚቆም መኪና ይኖረዋል፤ ከዚያ አንድ ጠንከር ያለ እርግጫ ይበቃዋል። እዚህ አገር ቅዳሜና እሑድ መለዋወጫ የማይገኝበት ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ሠርቶታል፣ ብዙዎቹም ተርፈዋል። ደግሞ ፕላስተሩን አየሁት፤ ከውስጥ በኩል ደረቅ ነው፣ የፍሬን ዘይት ጠብታ አልነካውም። ቱቦው ሾልኮ፣ ዘይቱ ፈስሶ ካለቀ በኋላ የተጠቀለለ ነው ማለት ነው። ዶይል ከሞተ በኋላ አንድ ሰው ከመኪናው ሥር ገብቶ፣ አይቶ፣ ጠቅልሎ፣ ሸራ አለበሰው።

ወደ ቤት ገባሁና ያን ፍሪጅ ከግድግዳው ሳብኩት። እስካሁን እዚያው ነው፣ ሽማግሌው ዕቃ አይጥልም። ከኋላው ውሃ የሚያመጣለት የመዳብ ቱቦ በመጋዝ ተቆርጦ አንድ ስንዝር ጎድሏል። ከፒክአፑ ነቅዬ የያዝኩትን ቁራጭ ገጠምኩበት። ልክክ አለ።

አንቺ አለቀቅሽም ነበር። ይህን ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ነው ይህን ሁሉ ወረቀት የፈጀሁት። አለቀቅሽም።

ሐሙስም ዓርብም ቁራጩን ደረት ኪሴ ይዤ ምንም አልተናገርኩም። ለምን ካልሽኝ፣ ወይ ፈርቼ ነው ወይ ሥራውን ልጨርስ ብዬ ነው። አዲሶቹን ቱቦዎች አንድ በአንድ እያጠፍኩ፣ አፋቸውን ሁለት ሁለት ጊዜ እየገለበጥኩ አስገባሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ ጥንቅቅ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ቅዳሜ ጠዋት አየሩን የሚያስወጣልኝ ረዳት ያስፈልገኝ ነበር። «ማንንም እንዳትጠራ፣ እኔ እረግጣለሁ» አለኝ ሽማግሌው። ተሸክሜ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። የኦክስጅን ጠርሙሱን ጎኑ፣ ትልቁን መፍቻ ደግሞ ወንበሩ ላይ አኖርኩ። ያው መፍቻ ነው፤ ሌላ የለንም።

ከቀኝ የኋላው ጀመርን። «ርገጥ፣ ርገጥ፣ ያዝ!» እላለሁ፣ እሱ «ይዣለሁ፣ አትጩህብኝ» ይላል። የግራ የኋላው አለቀ፣ የቀኝ የፊቱም አለቀ። ትንፋሹ ያፏጫል፣ በየመሀሉ እረፍት እየወሰደ «እንደ እህትህ መሰልኩህ እንዴ? እግሬ ይታዘዘኛል» ይለኝ ነበር። የግራ የፊቱ ላይ «ያዝ!» አልኩት። «ይዣለሁ» አለ። ቡሎኗን ፈታኋት። ሳልዘጋት፣ ልቀቅም ሳልለው፣ እግሩን አነሣ። ቱቦው አየር ሲጠጣ በጆሮዬ ሰማሁት።

ከሥር ወጥቼ «ለቀቅህ እኮ» አልኩት።

ሳቀ። እየሳለ ሳቀና ምን አለኝ መሰለሽ? «ታዲያ ምን ይጠበስ? ትንሽ አየር ገባ፣ ደግመን እንረግጣለን። በዚህ የሚሞት ሰው አለ?»

እህቴ፣ በዚህ የሚሞት ሰው አለ ወይ አለኝ።

የመዳቡን ቁራጭ ከኪሴ አውጥቼ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። ብዙ ጊዜ አየው። ይክዳል ብዬ ነበር፣ አልካደም። «ቅዳሜ ማታ ማን ዕቃ ይሸጥልኝ ነበር?» አለ መጀመሪያ። ቀጠለና «ሰኞ ፈረቃ ነበረኝ። እስከዚያ ያስነዳኛል፣ ከፈረቃ መልስ እገዛለሁ ብዬ ነው። ዶይል ሳይጠይቀኝ ነው የወሰደው» አለ። ዶይልን የገደለው ማን እንደሆነ ታውቅ ነበር ወይ አልኩት። «የዚያኑ ዕለት አወቅሁ» አለኝ። ታዲያ የእሷ እግር ምን አደረገህ አልኩት። «ልጄን ገደልኩ ብዬ በየትኛው ፊቴ ልኑር? አንዳችን መሸከም ነበረብን፣ እሷ ወጣት ነበረች» አለ። ከዚያ ዐይኔን ትክ ብሎ አየኝና፣ «ደግሞ አንተ ምን አፍ አለህ? የያዝካት አንተ አይደለህም እንዴ? ጥሩ አድርገህ ነው የያዝካት» አለኝ።

ኮሌታውን ጨበጥኩት። በሰማንያ አንድ ዓመቱ ያ ሁሉ ጉልበት ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ መፍቻውን አንሥቶ ቅንድቤ ላይ አሳረፈብኝ። ደሜ በዐይኔ ላይ ፈሰሰ፣ እሱም በደም ታጠበ። ሁለተኛ ሲሰነዝር ክንዱን ከበሩ ጋር አጋጨሁትና መፍቻው ወደቀ። ተናከሰ። ተፋብኝ። በጉልበቴ ደረቱን ወንበሩ ላይ ተጫንኩት፤ እጄ የሚይዘው ነገር ሲፈልግ አፍንጫው ጋ የሚሄደውን ያን ቀጭን ቱቦ አገኘ። አጥፌ ጨበጥኩት። «ያዝ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የሱ ይሁን የኔ አላውቅም። ያዝኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሆድ ይፍጀው።

አክስት ኦፋ ወደ ስድስት ሰዓት ግድም የባቄላ ወጥና የበቆሎ ዳቦ ይዘውልን መጡ። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ነበር። እግሩ ፔዳሉን እስከ ታች ረግጦ ቀርቷል። ድስቱን መሬት ላይ አስቀመጡ፣ እሱን አዩ፣ እጄን አዩ፣ ጭኑ ላይ ያለውን የመዳብ ቁራጭ አዩ። ቁራጩን ደግሞ ወዲያው ነው ያወቁት፤ ፍሪጁ የደረቀ ማታ በረዶ የለመንኩት ከእሳቸው ቤት ነበራ። ጣቶቼን አንድ በአንድ ለማላቀቅ ሞከሩ፤ ቢያቅታቸው ቱቦውን ከጠርሙሱ በኩል ነቀሉት። በሽርጣቸው ፊቱን ጠረጉ፣ የኔንም ጠረጉ። «ሳንባው ነው» አሉኝ። «ሰምተኸኛል ልጄ? ሳንባው ነው። አንተ ከሥር ስትወጣ ቅንድብህን ሻንሲው መታህ፣ እሱን ደግሞ ሳንባው ጣለው። እኔ እዚሁ ቆሜ አይቻለሁ።» ሦስት ጊዜ ደጋገሙልኝ፣ ለሐኪሙም አንድ ቃል ሳያዛንፉ ነገሩት።

እህቴ፣ ይቅር በይኝ አልልሽም። ያን ጉልበትሽን ይዤ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ፤ አንድ ወረቀት አይፈታውም። አንቺ ስላልለቀቅሽ ተቀጣሽ፣ እኔ ስላልለቀቅሁ ተመሰገንኩ፤ ሁለታችንንም ያሠለጠነን አንድ ሰው ነው። የምለምንሽ ሌላ ነገር ነው።

ቀብሩ ከዚህ ቅዳሜ ሌላው ቅዳሜ ነው። አክስት ኦፋ ቀብር አስፈጻሚውን «የሟች ሴት ልጅ ከሩቅ ትመጣለች» ብለው አስቆይተውታል። እንደምትመጣ ነግራዎታለች ወይ ብላቸው «አንተ ጻፍላት እንጂ ሌላውን ለኔ ተወው» አሉኝ። ሦስቱ ጎማ አየሩ ወጥቶለታል፣ የግራ የፊቱ ቀርቷል። ሥራው የሁለት ሰው ነው፤ ጎረቤት መጥራት አልፈለግሁም። ያ ፔዳል ላይ አንቺን አላስቀምጥሽም፣ እኔ እቀመጣለሁ። አንቺ በርጩማ ላይ ሆነሽ ጎማው ጋ ተቀመጪ፣ እግርሽን አያስቸግረውም። መፍቻውን አንቺ ያዢ። «ርገጥ» ስትይኝ እረግጣለሁ፣ «ያዝ» ስትይኝ እይዛለሁ።

አልመጣም ብትይም አልቀየምሽም፤ መብትሽ ነው። እኔ ግን ሬሳውን ጭኜ በዚያ በቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁለት መውረዴ አይቀርም። አንዱ ጎማ አየር ከያዘ አራቱም አይያዙም ብዬሻለሁ፤ እንግዲህ ፔዳሉ የያዘውን ያህል ይያዝ።

ቀኝ እጄ ከቅዳሜ ወዲህ አልተዘረጋም። ሐኪሙ ጅማቱ ነው፣ ያልፋል አለ። በሙቅ ውሃ ዘፈዘፍኩት፣ አክስት ኦፋ በቅባት አሹት፣ በእንቅልፌም እንደጨበጠ ያድራል። እኔ ምን እንደሚጠብቅ አውቃለሁ። ልቀቅ ያለው ሰው የለም።

የምትመጪበትን መንገድ ጨውም በረዶም አይንካው። የተሰበረ እግርሽ የረገጠው ምድር ሁሉ ይሸከመው። ዶይልን አምላክ ያሳርፈው፤ ለሌላው የሚለውን አምላክ ራሱ ይወቅ። ነይና አንዲቷን ቃል በይኝ።

ቃልሽን የሚጠብቅ፣
ታናሽ ወንድምሽ